ከቦድሂሳትቫ እስከ ይዋስፍ፦ የአንድ ጥንታዊ ስም ፍቺና ጉዞ

ስም የባለቤቱ መለያ ብቻ ሳይሆን የአውጪው አሳብ ማኅደር ነው። ወላጅ ለልጁ፣ ገበሬ ለወንዙ፣ ደቀ መዝሙር ለመምህሩ ስም ሲያወጣ ምኞቱን፣ ኑሮውንና እምነቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ይሁን እንጂ ስም ከተወለደበት ቋንቋ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲሻገር ድምፁ ይዘልቃል፤ ፍቺው ግን ብዙውን ጊዜ ከወንዙ ማዶ ይቀራል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ዘወትር የሚጠራው «ለገዳዲ» ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። ለብዙው የከተማ ሰው ለገዳዲ ማለት ግድብ፣ ቧንቧና የሚጠጣ ውሃ ነው። ኦሮምኛ ለሚናገር ግን ስሙ እንደተጠራ ይፈታል፤ «ለገ» ወንዝ፣ «ዳዲ» ጠጅ፣ በአንድነት «የጠጅ ወንዝ» ማለት ነው። ከተሜው ውሃውን እየጠጣ ጠጁን ሳያውቀው ኖሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው በአዲስ አበባ መሐል ደግሞ «ለገሃር» የሚባል ሰፈር አለ። ጆሮውን ብቻ የሚያምን ሰው ሁለቱን ስሞች ወንድማማቾች ያደርጋቸዋል፤ ሁለቱም «ለገ» ብለው ይጀምራሉና። ነገር ግን የኋለኛው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም «የባቡር ጣቢያው» ከሚለው የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ ባቡር ይዞት የገባ ስም ነው። አንዱ የአገር ወንዝ፣ ሌላው የባሕር ማዶ ጣቢያ ሆኖ ሳለ በአፋችን ላይ ተመሳስለዋል። እንግዲህ ስለ ስም የሚመረምር ሰው ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ መያዝ ይገባዋል። አንደኛ፣ ፍቺው የጠፋ የሚመስለው ስም ፍቺውን የሚያውቁ ባለቤቶች ሊኖሩት ይችላል። ሁለተኛ፣ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም።

እነዚህን ሁለት መመዘኛዎች ይዘን ወደ አገራችን ሥነ ጽሑፍ ስንገባ እጅግ ረጅም መንገድ ተጉዞ ወደ ግዕዝ የገባ አንድ ስም እናገኛለን። ይኸውም በ«በረላምና ይዋስፍ» መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው የልዑሉ የይዋስፍ ስም ነው። ዓለማዊውን ክብር ንቆ ወደ በረሃ የመነነው የዚህ የህንድ ንጉሥ ልጅ ስም ሲመረመር ከሳንስክሪቱ «ቦድሂሳትቫ» ላይ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር፣ የግዕዝ አንባቢ ለዘመናት በክርስቲያናዊ መጽሐፍ ውስጥ ሲያነብበው የኖረው የጥንቱን የቡድሃን መጠሪያ ነው።

ይህን ያህል ከተባለ በኋላ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ስሙም ታሪኩም ከሩቅ የመጣ ከሆነ መጽሐፉን «የእኛ ነው» ለማለት እንችላለንን? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በስሙ ጉዞ በኩል ለመመለስ ይሞክራል።

ስሙ በትውልድ አገሩ

«ቦድሂሳትቫ» የሁለት ቃላት ጥምር ነው። «ቦድሂ» የሚወጣው መንቃት፣ ማስተዋል የሚል ፍቺ ካለው «ቡድህ» ከተባለው ሥርወ ቃል ነው። «ቡድሃ»ም ከዚሁ ሥር የበቀለ ሆኖ «የነቃ» ማለት ነው። ህንዶች ዐጣርድ ለተባለችው ኮከብ የሰጡት ስም ከዚሁ ሥር የወጣ ሲሆን ረቡዕንም በእርሷ ስም «ቡድህቫር» ይሉታል። አንድ ሥር በአንድ በኩል መምህርን፣ በሌላው በኩል ኮከብንና የሳምንት ቀንን አፍርቷል። በአማርኛ «ቡዳ» የምንለው ቃል ግን ከዚህ ዘር ጋር የሚያገናኘው ማስረጃ የለም። በክፍል ውስጥ የተማሪን ሳቅ የሚቀሰቅሰው ይህ መመሳሰል የለገሃርና የለገዳዲ ዓይነት መመሳሰል መሆኑን መምህራን ቢያስረዱ መልካም ነው።

ሁለተኛው ቃል «ሳትቫ» ህላዌ፣ ፍጡር፣ እንዲሁም የልብ ጽናት የሚሉ ፍቺዎች አሉት። ስለዚህ ጥምሩ «ለንቃት የተጠራ ፍጡር» ወይም «ልቡ በንቃት የጸና» እየተባለ ሊፈታ ይችላል። የቀድሞዎቹ የቡድሂስት መጻሕፍት በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ ግን ቃሉ «ቦድሂሳታ» ስለሚባል አንዳንድ ሊቃውንት «ሳታ» የመጣው መያያዝንና መጣበቅን ከሚያመለክት ሌላ ቃል ነው ይላሉ። በዚህ አፈታት ስሙ «ለንቃት የቆረጠ፣ በንቃት ላይ የተጣበቀ» ማለት ይሆናል። እንደ እኛ አንድምታ መምህራን «አንድም» ብሎ ለማለፍ የሚመች ስም ነው።

ፍቺው በቃል ብቻ ሳይሆን በእምነት ክፍልም ይለያያል። የፓሊውን ትምህርት ለሚከተሉት ቦድሂሳታ ማለት ቡድሃ ገና ሳይነቃ የነበረበት ዘመን መጠሪያው ነው። «ጃታካ» የተባለው የ547 ታሪኮች ስብስብ ይህንኑ ፍጡር አንዴ ንጉሥ፣ አንዴ ነጋዴ፣ አንዴ ዝንጀሮ ወይም ሚዳቋ አድርጎ ቀድሞ ኖረባቸው በተባሉ ሕይወቶቹ ያሳየዋል። ማሃያና በተባለው የሰሜኑ ዘርፍ ግን ስሙ የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የማዕርግ ስም ሆኗል፤ ሌላው ፍጡር ሁሉ እስኪድን ድረስ ለመድከም ቃል የገባ ማንኛውም ሰው ቦድሂሳትቫ ይባላል። በአንዱ ዘንድ ያለፈ ታሪክ የነበረው ስም በሌላው ዘንድ የኑሮ ግዴታ ሆነ ማለት ነው።

የቪሽኑ ተከታዮች ደግሞ በበኩላቸው ቡድሃን ከአምላካቸው መገለጦች ዘጠነኛው አድርገው ቆጥረውታል። ይህ አቆጣጠር ለአንዳንዱ የመቀራረብ ምልክት ቢሆንም ለሌላው የመዋጥ ምልክት ሆኖ ታይቷል። የህንድን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ የታወቁት ዶክተር አምቤድካር እ.ኤ.አ. በ1956 በናግፑር ከተማ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ፣ በወግ ከተገለሉ ወገኖቻቸው ጋር ቡድሂዝምን ሲቀበሉ ካስገቡት ቃለ መሐላ አንዱ ቡድሃ የቪሽኑ መገለጥ ነው መባሉን የሚክድ ነበር። አንድ ስም ከ2,000 ዓመት በላይ ከኖረ በኋላም የሰው ክብር የሚጠየቅበት አደባባይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የስሞቹ መብዛት የኢትዮጵያን አንባቢ ሊያደናግረው አይገባም። ካሳ የትውልድ ስም፣ ቴዎድሮስ የዙፋን ስም፣ አባ ታጠቅ የፈረስ ስም መሆኑን እያወቅን አንድን ሰው በሦስቱም እንጠራለን። በዚሁ መንገድ ሲድሃርታ የልዑሉ የግል ስም፣ ጋውታማ የቤተ ዘመድ ስም፣ ቦድሂሳትቫ በመንገድ ላይ ያለው ሰው መጠሪያ፣ ቡድሃ ደግሞ ከግቡ የደረሰው መምህር ማዕርግ ነው። ወደ ምዕራብ የተጓዘው ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ በመንገድ ላይ ያለው ሰው ስም መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

የነጥብ ሥራ

ስሙ ከህንድ የወጣው ከነታሪኩ ነው። ልጁ ዓለምን ትቶ እንደሚመንን የተነገረው ንጉሥ ልጁን በአዳራሽ ዘግቶ ያሳድገዋል። ልዑሉ ግን አንድ ቀን ወጥቶ ሽማግሌ፣ በሽተኛና ሬሳ፣ በመጨረሻም መናኝ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ አይበቃውም። ይህ ታሪክ በማዕከላዊ እስያና በፋርስ በኩል አልፎ በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዓመት አካባቢ በባግዳድ ዓለም ወደ ዐረብኛ ተመለሰ። በዐረብኛ ልዑሉ «ቡዳሳፍ»፣ አስተማሪው መናኝ ደግሞ «ቢለውሀር» ተባሉ።

ትልቁ ለውጥ የደረሰው እዚህ ላይ ነው። በዐረብኛ አጻጻፍ «ባ» እና «ያ» በቃል መጀመሪያ ሲውሉ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ከሥራቸው የሚቀመጠው ነጥብ ሲሆን ለ«ባ» አንድ፣ ለ«ያ» ሁለት ይሆናል። ነጥብ ሲጨመር «ቡዳሳፍ» የነበረው «ዩዳሳፍ» ሆነ። የንቃትን ፍቺ የተሸከመው «ቡድህ» የተባለው ሥር በአንዲት የብዕር ጠብታ ተሰወረ። ቁም ጸሓፊነትን የሚያውቅ ሰው አንዲት ነጥብ ምን ያህል እንደምታደርግ ይህን አይቶ ሊፈርድ ይችላል።

ከዐረብኛ ወደ ጆርጂያ ቋንቋ ሲሻገር ስሙ «ዮዳሳፍ» ሆነ። ከዚያም፣ ዛሬ አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚቀበሉት፣ በአቶስ ተራራ ይኖር የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1028 ያረፈው ጆርጂያዊው መነኩሴ ኤውቲምዮስ ታሪኩን በግሪክ ቋንቋ አስፍቶ ጻፈው፤ «ዳ»ም ወድቃ ስሙ «ዮአሳፍ» ተባለ። ወደ ላቲን ሲገባ የይሁዳው ንጉሥ የኢዮሣፍጥ ስም ጎትቶት «ዮሳፋት» ሆነ፤ ሁለቱ ስሞች ግን አንዱ ዕብራዊ፣ ሌላው ህንዳዊ እንደመሆናቸው መጠን የሥጋ ዝምድና የላቸውም። በ13ኛው መቶ ዓመት በባርሴሎና አብርሃም ኢብን ሐስዳይ ታሪኩን በዕብራይስጥ «የንጉሡ ልጅና መናኙ» ብሎ ጻፈው። ስለዚህ ቡድሂስቱ፣ ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑና አይሁዳዊው ሁሉም በየቤታቸው አንድ ልዑል አሳድገዋል፤ ጎረቤታቸው ያሳደገው ያው መሆኑን ግን ለብዙ ጊዜ አላወቁም። እ.ኤ.አ. በ1612 ፖርቱጋላዊው ታሪክ ጸሐፊ ዲዮጎ ዶ ኮቶ መመሳሰሉን ልብ ብሎ ነበር፤ በምርምር የተረጋገጠው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው።

እንዲህ ያለው ጉዞ የዚህ ስም ብቻ ዕጣ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ሲጻፍ የሚሰመረው «ሰንጠረዥ» በሳንስክሪት «ቻቱራንጋ»፣ ማለትም ዝሆን፣ ሠረገላ፣ ፈረሰኛና እግረኛ ያሉት ባለ አራት ክፍል ጦር ነበር። በፋርስና በዐረብ በኩል የጨዋታ ስም ሆኖ ወደ እኛ ገባ፤ ዛሬ ደግሞ ጦሩም ጨዋታውም ተረስቶ ቁጥር የሚደረደርበት መስመር ሆኗል። ስኳርና ዝንጅብልም ስማቸውን ያገኙት በዚሁ የንግድ መንገድ ነው።

እጨጌ እንባቆምና የግዕዙ መጽሐፍ

ይህ ስም ወደ ግዕዝ የገባው እ.ኤ.አ. በ1553 በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት ነው። ከግሪኩ የተመለሰውን የክርስቲያን ዐረብኛ መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የተረጐሙት አባ እንባቆም ሲሆኑ እርሳቸውም ከአዲስ አበባ በሱሉልታ በኩል ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ የሚያደርሰው የታላቁ የደብረ ሊባኖስ ገዳም እጨጌ የነበሩ ናቸው። እንባቆም በትውልድ የመናዊ ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ ተጠምቀው፣ የነቢዩን የዕንባቆምን ስም ተቀብለው፣ በመጨረሻም በገዳሙ ከፍተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እርሳቸውም እንደ ይዋስፍ ስም ባሕር ተሻግረው አዲስ መጠሪያ የተቀበሉ ሰው መሆናቸው ነው።

ዘመኑም መታየት አለበት። ከኢማም አሕመድ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ገና 10 ዓመት ነበር። ደብረ ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ1531 ተቃጥሎ ነበር፤ ብዙ መጻሕፍትም በየገዳማቱ ጠፍተዋል። እንባቆም በዚያው ጦርነት ዘመን ለኢማሙ የተጻፈውን «አንቀጸ አሚን» የተባለውን የክርክር ድርሰት አዘጋጅተዋል። ከጦርነቱ በኋላ ግን ከዐረብኛ መርጠው ያመጡት የአንድን ንጉሥና የአንድን ልጅ ታሪክ ነው። ልጁን በጦር ሳይሆን በምሳሌና በክርክር የሚያሸንፍ መናኝ፣ በመጨረሻም ከልጁ የሚማር አባት ያለበት መጽሐፍ በቁስል ላይ ለነበረ አገር የቀረበ ንባብ ነበር። ተርጓሚ ምን እንደሚተረጉም በመምረጡ ብቻ እንኳ ለዘመኑ ይናገራል።

የግዕዙን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ዋሊስ በጅ እ.ኤ.አ. በ1923 በኬምብሪጅ አሳትሞታል። የሚያሳዝነው፣ ጽሑፉ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀውን ያህል በአገራችን የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ስፍራ አለማግኘቱ ነው። ምክንያቱም «ትርጉም» የሚለው ቃል ራሱ እንደ ጉድለት ስለሚቆጠር ነው።

ምን ጠፋ? ምን ተረፈ?

አሁን ወደ ሂሱ ፍሬ ነገር እንምጣ። በጉዞው የጠፋው የስሙ ፍቺ ነው። «ይዋስፍ» ለግዕዝ አንባቢ ምንም አይነግረውም፤ ቢበዛ «ዮሴፍ»ን ያስታውሰዋል። ነገር ግን ስሙ የጣለውን ታሪኩ አንሥቶ ተሸክሞታል። በአዳራሽ ተዘግቶ ያደገ ልጅ በሽተኛና ሽማግሌ ሲያይ ልቡ የሚነቃበት ቦታ በግዕዙም በስፍራው አለ። ቃሉ ቢሞት ድርጊቱ አልሞተም። ይህም ለደራስያን ሁሉ ትምህርት ነው፤ ገጸ ባሕርይን የሚያቆመው የተሰጠው ስም ሳይሆን የሚሠራው ሥራ ነው።

የተለወጠ ነገርም አለ፤ እርሱም ቀላል አይደለም። በህንዱ ታሪክ መናኙ አንድ ጊዜ ታይቶ የሚያልፍ ሰው ነው፤ ልዑሉ የሚነቃው ራሱ አስቦ፣ ራሱ ደክሞ ነው። በክርስቲያኑ መጽሐፍ ግን ያ መናኝ አድጎ በረላም ሆነ፤ ነጋዴ መስሎ «የከበረ ዕንቍ ይዣለሁ» እያለ ይገባል፤ ልዑሉን በቃል ያስተምረዋል። ንቃት ከውስጥ የሚፈልቅ መሆኑ ቀርቶ ከመምህር የሚወረስ ሆነ። በዚህ ለውጥ ታሪኩ የብቸኝነትን ጽሙና አጥቷል፤ በአንፃሩ የመምህርና የተማሪን ፍቅር አትርፏል። የቆሎ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በቃል በሚማርበት አገር ይህ ለውጥ እንደ ባዕድ ነገር የሚታይ አልሆነም። የአብዮቱ ዘመን «ማንቃት» የሚለውን ቃል በየስብሰባው ያሰማ ስለነበር በአንዱ ዘንድ መንቃት፣ በሌላው ዘንድ መንቃቱን ማስተማር መለየቱ ለአንባብያችን አዲስ ጥያቄ አይሆንም።

ሳይለወጥ የተረፈው ደግሞ ምሳሌው ነው። አውሬ የሚያሳድደው ሰው ወደ ጕድጓድ ሲወድቅ ቅርንጫፍ ይዞ ይንጠለጠላል፤ ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ ነጭና ጥቁር አይጥ ቅርንጫፉን ይቆርጣሉ፤ ሰውየው ግን ከላይ የሚንጠባጠበውን ማር እየላሰ ሁሉን ይረሳል። አይጦቹ መዓልትና ሌሊት ናቸው። ይህ ምሳሌ በ«ማሃባራታ» ውስጥ ይገኛል፤ በዚያ አሳዳጁ ስድስት ፊትና 12 እግር ያለው ዝሆን ሲሆን ፍቺውም ስድስቱ ወቅቶችና 12ቱ ወሮች ያሉት ዓመት ነው። ጄይኖችም ያስተምሩበታል። በበረላም አፍ ዝሆኑ ባለ አንድ ቀንድ አውሬ ሆኖ ሞትን ይወክላል። ሩስያዊው ደራሲ ቶልስቶይ ይህንኑ ምሳሌ ስለ ራሱ ሕይወት በጻፈው ኑዛዜው ተጠቅሞበታል። አውሬው እንደየአገሩ ተለዋወጠ፤ ማሩ ግን በየትም ማር ነው። ለሰምና ወርቅ ለለመደ የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን መፍታት አላስቸገረውም፤ መሣሪያው አስቀድሞ በእጁ ነበርና።

እንግዲህ በመግቢያው ላነሣነው ጥያቄ መልስ መስጠት ይቻላል። ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ የእኛ አይደለም የሚል ሰው ይህን መጽሐፍ ሲጥል ግሪኩም፣ ላቲኑም፣ ዐረቡም እንዲሁ እንዲጥሉት ያዝዛል፤ ሁሉም ተቀባዮች ናቸውና። በሌላ በኩል የእኛ የሆነው ሁሉ ከእኛ ብቻ የፈለቀ ነው የሚል ሰው የይዋስፍን ስም ከነታሪኩ መካድ ሊኖርበት ነው። ሁለቱም አስተያየቶች ስምን የባለቤትነት ካርታ አድርገው ያዩታል። ስም ግን የጉዞ መዝገብ ነው። በረላምና ይዋስፍ የእኛ የሚሆነው ከእኛ ስለ ጀመረ ሳይሆን እንባቆም በግዕዝ ስለ ደከሙበት፣ ጸሐፍት ስለ ገለበጡት፣ አንባቢም በገዛ ስልቱ ስለ ፈታው ነው። ማመንጨት ብቻ ሳይሆን አሳምሮ መቀበልም ሥራ ነው።

ይህ ፍርድ ለመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በደጃችን ላሉት ስሞችም ይሠራል። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ በሸገር ከተማ ሥር ተዋቅረዋል። ከተማ ሲሰፋ ወንዝ ይሸፈናል፤ ወንዙ ሲሸፈን ስሙ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የቦድሂሳትቫን ፍቺ ለማግኘት ሊቃውንት የብዙ ቋንቋ ብራና መመርመር አስፈልጓቸዋል። የለገዳዲን ፍቺ ለማግኘት ግን ቋንቋውን የሚናገረውን ጎረቤት መጠየቅ ይበቃል። መምህራን ተማሪዎቻቸውን የየቀበሌያቸውን ወንዝና ጋራ ስም ከአገሩ ሽማግሌ አፍ እየጠየቁ እንዲጽፉ ቢያዝዙ፣ የባህል ሠራተኛውም ያንን ቢያከማች፣ ደራሲና ሠዓሊም ከዚያ ቢቀዳ፣ ነገ ተመራማሪ በአንዲት ነጥብ ምክንያት የጠፋ ፍቺ ፍለጋ አህጉር ማቋረጥ አያስፈልገውም። ፍቺውን የሚያውቀው ሰው በሕይወት ሳለ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።